የባህር ዛፍና የማገዶ ታሪክ፦ ከምኒልክ ዘመን የግብር ምሕረት እስከ ካዛንቺስ መፍረስ

ዛሬ ስለ ማዳበሪያ አጨማመርም ሆነ ስለ ዋግ አልጽፍም። ዛሬ ታሪክ ነው። ለምን ታሪክ እንደሆነ ልንገራችሁና ወደ ነገሩ እንገባለን።

በቀደም አንድ የቀበሌያችን አባት መንገድ ላይ አስቆሙኝና እንዲህ አሉኝ፦ «ልጄ፣ ከወንዙ በላይ ያለችው ሁለት ጥማድ ገብስ አልሰጥ አለችኝ። ባህር ዛፍ ላልብሳት አስቤ ነበር። ግን ካዛንቺስ ተከራይቶ ይኖር የነበረው ልጄ ደውሎ ሰፈሩ ፈረሰ፣ እኛም ወደ ዳር ወጣን፣ እንጀራውም በኤሌክትሪክ ሆነ አለኝ። ታዲያ የዛሬ ስድስት ዓመት አጣናዬን ማን ይገዛኛል?»

እኔ ኮሌጅ የተማርኩት አንድ መልስ አለ፤ ሰብል በሚያበቅል መሬት ላይ ባህር ዛፍ አይተከልም የሚል። እሱን ልናገር አፌን ከከፈትኩ በኋላ ተውኩት። እሳቸው የጠየቁኝ ስለ አፈር ሳይሆን ስለ ከተማ ነው። ከተማው ምን ያነዳል፣ በምን ይሠራል፣ መንግሥትስ ዛሬ የደገፈውን ነገ ይደግፈዋል ወይ ነው ጥያቄው። ይኼ ጥያቄ ደግሞ ከመቶ ዓመት በላይ ዕድሜ አለው፤ ታሪኩም የሚጀምረው እዚያው ካዛንቺስ አካባቢ ነው።

ካዛንቺስን የማታውቁ ካላችሁ፣ አዲስ አበባ መሃል፣ ከታላቁ ቤተ መንግሥት ቁልቁል ሲወረድ ያለ ሰፈር ነው፤ ቂርቆስ ክፍለ ከተማ ውስጥ። የሰፈሩ ልጆች ቂርቆስን «ጨርቆስ» ይሉታል። ከዚያው ብዙም ሳይርቅ ፍል ውሃ አለ። አዲስ አበባ የተቆረቆረችው እኮ በፍል ውሃው ምክንያት ነው። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ እንጦጦ ላይ ከተማቸውን አድርገው ሳሉ፣ ቤተ መንግሥቱ ሰው ለመታጠብ ወደ ሜዳው ይወርድ ነበር፤ እቴጌ ጣይቱ ቦታውን ወደዱት፣ በ1879 ዓ.ም. ቤት ተሠራ፣ ስሙም አዲስ አበባ ተባለ። ከመሬት ሆድ የሚወጣ ትኩስ ውሃ ዛሬ ባለሙያዎች «ታዳሽ ኃይል» ከሚሉት አንዱ ነው። ካዛንቺስ ጥግ ያለው ሂልተን ሆቴል ከ1962 ዓ.ም. ጀምሮ የመዋኛ ገንዳውን የሚሞላው በዚሁ የምድር ሙቀት ባለው ውሃ ነው። ፍል ውሃ ገላ ያጥባል እንጂ ወጥ አይሠራም። ለወጥና ለእንጀራ ማገዶ ያስፈልግ ነበር።

ማገዶ ደግሞ አለቀ። በዚያን ዘመን የነገሥታት ከተማ ማለት የጦር ሰፈር ማለት ነው። ብዙ ሺህ ሰው አንድ ቦታ ይሰፍራል፣ ዙሪያውን ያለውን ጥድና ወይራ እየቆረጠ ቤት ይሠራበታል፣ ያነደዋል፤ ሲያልቅ ንጉሡ ወደ ሌላ ቦታ ይሄዳል። አዲስ አበባም በዚሁ መንገድ ልትቀር ነበር። በ1890ዎቹ መጀመሪያ ምኒልክ ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ 55 ኪሎ ሜትር ገደማ በሚርቅ፣ ደን ባለበት ቦታ ላይ አዲስ ዓለም ብለው ሌላ ቤተ መንግሥት ማሠራት ጀምረው ነበር። ዋና ከተማው ሳይዛወር ቀረ፤ የተጀመረው ቤተ መንግሥትም የአዲስ ዓለም ማርያም ቤተ ክርስቲያን ሆነ። ማርያምን ለመሳለም አዲስ ዓለም የሄዳችሁ ሰዎች፣ የቆማችሁት በማገዶ እጥረት ምክንያት በተጀመረ ቤተ መንግሥት ቦታ ላይ ነው።

ከተማዋን ካስቀሯት ነገሮች ዋናው ባህር ዛፍ ነው። ሞንዶን ቪዳይዬ የሚባል ፈረንሳዊ የንጉሡ አማካሪ ነበር፤ በ1887 ዓ.ም. ገደማ የዛፉ ዘር በእሱ ምክር እንደመጣ ይነገራል። ዛፉ ቶሎ ያድጋል፣ ፍየልና በግ ቅጠሉን አይነኩትም፣ ሲቆረጥ ከጉቶው ያቆጠቁጣል። ይህን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ብዙ ሰው የማያውቀው ምኒልክ ዛፉን ያስፋፉበትን መንገድ ነው። ችግኙ በትንሽ ዋጋ እንዲታደል አደረጉ፤ ባህር ዛፍ የተተከለበት መሬት ደግሞ ከግብር ነፃ እንዲሆን ፈቀዱ።

እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ። ዛሬ ስልጠና ስንገባ «የታዳሽ ኃይል ማበረታቻ»፣ «የፖሊሲ ድጋፍ» የሚባል ቃል በየስላይዱ ይመጣል፤ ከውጭ የመጣ አዲስ ነገር ይመስላል። የምኒልክ ሥራ ያው እሱ ነው። ከተማው ኃይል አጣ፣ ኃይሉ በእርሻና በግጦሽ መሬት ላይ ሊበቅል ይችላል፣ ባለመሬቱ እንዲያበቅለው ግብር ተማረለት። ሠርቷልም። በሃያ ዓመት ውስጥ አዲስ አበባና ዙሪያዋ በባህር ዛፍ ተሸፈነ።

ግን ምሕረቱ የደረሰው ለማን ነው? ግብር የሚማረው መሬት ላለው ነው። የከተማው ዙሪያ መሬት በአብዛኛው የመኳንንቱና የባለ ርስቱ ነበር። ጢሰኛው ዛፍ አይተክልም፤ ለምን ቢባል፣ የዘንድሮውን ምርት አካፍሎ ለከርሞ መቆየቱን የማያውቅ ሰው ለስድስት ዓመት አይጠብቅም። ስለዚህ ዛፉን ተክሎ ያተረፈው ባለመሬቱ ነው፤ ጢሰኛው ከእርሻው ሲቀነስበት ያየው ደግሞ የሚያርሰው መሬት ነው። እኔ ከዚህ ታሪክ ውስጥ ከሁሉ በላይ የማስበው ይህንን ነው። ማንኛውም ድጋፍ ሲመጣ መሬቱ በማን እጅ እንዳለ መጠየቅ ተገቢ ነው።

ሁለተኛው ነገር የመንግሥት ሐሳብ መለወጡ ነው። ዛፉ በበዛ ጊዜ ምንጭ ያደርቃል፣ የአጎራባች ሰብል ያቀጭጫል የሚል ክስ መጣ። በፈረንጆቹ 1913 ከቆሙት ባህር ዛፎች ከሦስት እጅ ሁለቱ ተነቅለው በምትኩ እንጆሪ፣ ማለትም ቅጠሉ የሐር ትል የሚቀለብበት ዛፍ፣ እንዲተከል ትእዛዝ ወጣ። አስቡት፤ ግብር ተምሮልህ ከተከልክ ሃያ ዓመት ሳይሞላ ንቀል ተባልክ። ትእዛዙ በአብዛኛው ሳይፈጸም ቀረ። ሰው ገቢ የሚያገኝበትን ዛፍ በትእዛዝ ብቻ አይነቅልም።

ከዚያ ጣሊያን መጣ። በ1928 እና በ1933 ዓ.ም. መካከል ለጣሊያን መንግሥት ሠራተኞች መኖሪያ የሚሠራ «ኢንቺስ» የሚባል ተቋም ነበር፤ የእሱ ቤቶች «ካዜ ኢንቺስ» ይባሉ ነበር፤ ካዛንቺስ የሚለው ስም የመጣው ከዚያ ነው። የጣሊያኖቹ ቤቶች ድንጋይና ሲሚንቶ ነበሩ። በዙሪያቸው እየተጠጋጋ የበቀለው ሰፈር ግን የጭቃ ነው። የጭቃ ቤት ማለት ደግሞ ምን እንደሆነ ለእናንተ አልነግራችሁም፤ ቋሚው ባህር ዛፍ፣ ማገሩ ባህር ዛፍ፣ የጣሪያው እንጨት ባህር ዛፍ፣ ከዚያ ጭድ ያለው ጭቃና ቆርቆሮ። ካዛንቺስ ያደገው ከአንድ ሰው ማሳ ተቆርጦ በአህያና በመኪና በገባ አጣና ነው።

መብራት ደግሞ ከሌላ አቅጣጫ መጣ። በ1952 ዓ.ም. የቆቃ ግድብ ሥራ ጀመረ፤ 43 ሜጋ ዋት ያህል ያመነጭ ነበር፣ አዲስ አበባም አበራች። የአዋሽ ዳር እርሻና ግጦሽ ግን ውሃ ውስጥ ገባ። ይህንን የማነሳው ግድብ ለመንቀፍ አይደለም። ከውሃም ሆነ ከንፋስ የሚመጣ ኃይል መሬት ይፈልጋል፤ መሬቱ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የገበሬ ነው።

1967 ዓ.ም. ሁሉንም ገለበጠው። የካቲት 25 የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት ሆነ፤ ጢሰኝነት ቀረ። ሐምሌ 19 ደግሞ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ተወረሰ፤ ከካዛንቺስም ብዙው ቤት የቀበሌ ሆነ። ኪራዩ ትንሽ ስለነበረ ለድሃው መጠጊያ ሆነ፤ ነገር ግን የራሱ ያልሆነን ቤት ማን ያድሳል? የጭቃው ቤት እንደ ጭቃ ቤትነቱ ሃምሳ ዓመት ገደማ ቆየ። በገጠርም ነገሩ ተመሳሳይ ነው። የመኳንንቱ ባህር ዛፍ ተወረሰ፣ ገበሬው መሬት አገኘ፣ ግን የሚተክለው ዛፍ የእሱ መሆኑን እርግጠኛ አልነበረም። ዛፍ መትከል ቀዘቀዘ። በ1970ዎቹ መንግሥት በውጭ ብድርና እርዳታ በአዲስ አበባ ዙሪያ የማገዶ ደን አስተከለ።

በዚያው ዘመን ከእንጦጦ ቅጠልና ጭራሮ ተሸክመው የሚወርዱ እናቶች የከተማው ምልክት ሆኑ። ወገባቸው እስኪጎብጥ የተሸከሙት ቅጠል በየሰፈሩ እየተሸጠ እንጀራ ተጋገረበት። ገጠር ደግሞ እንጨት ሲጠፋ ኩበት ነደደ። የደጋ ሰው ይህን ያውቀዋል፤ ለማሳ መሆን የነበረበት ፍግ ምድጃ ገባ። እኔ ስለ ኮምፖስት ሳስተምር ብዙ ጊዜ የሚሰጠኝ መልስ «ታዲያ በምን ልጋግር?» የሚል ነው። ልክ ናቸው። ማገዶ ያላገኘች ሴት ፍግ አትተውም። የአፈር ለምነትና የማገዶ ጉዳይ አንድ ጉዳይ መሆኑን መጽሐፍ ሳይሆን እናንተ ናችሁ ያስተማራችሁኝ።

ለውጡ የመጣው በ1982 ዓ.ም. የቅይጥ ኢኮኖሚ ከታወጀና ከዚያም መንግሥት ከተለወጠ በኋላ ነው። ዛፉ የተካዩ መሆኑ ሲታወቅ ተከላው ተመለሰ። በክልላችን በአማራ ከ1995 ዓ.ም. አካባቢ ጀምሮ የይዞታ ደብተር መሰጠት ሲጀምር ደግሞ ባሰ። ደብተሩን በእጁ የያዘ ሰው ስድስት ዓመት መጠበቅ አይፈራም። ይህ ባህር ዛፍ ብቻ አይደለም። በአዊ፣ ፋግታ ለኮማ አካባቢ ገበሬዎች ዲከረንስ የሚባለውን የግራር ዘር በእርሻ መሬት ላይ ተክለው፣ በመጀመሪያው ዓመት በመሃሉ ጤፍ ዘርተው፣ በአራትና በአምስት ዓመቱ ቆርጠው ከሰል አድርገው ለአዲስ አበባ ይሸጣሉ። ሥሩ ናይትሮጅን ስለሚያስገባ መሬቱ ሲመለስ ሰብል ይሰጣል። በእኔ እምነት በአገራችን ገበሬው ራሱ የፈለሰፈው ምርጥ የማገዶ እርሻ ይኼ ነው። ግን ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ዋግ መሰል በሽታ ገብቶበት ብዙ ማሳ አጥፍቷል። ወረዳው ሙሉ አንድ ዓይነት ዛፍ ሲተክል የሚያጋጥመው ነው።

መንግሥትስ? መንግሥትማ እንደ ጥንቱ አንዴ ይደግፋል፣ አንዴ ይከለክላል። በፈረንጆቹ 1997 የትግራይ ክልል በእርሻ መሬት ላይ ባህር ዛፍ መትከልን ከለከለ። በሌላ ወገን በ2010 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ፣ ቁጥር 1065፣ ደን ለሚያለማ ሰው የግብር እፎይታ ይሰጣል። የምኒልክ ምሕረት ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ በአንቀጽ ተመለሰ ማለት ነው። የእኛ የባለሙያዎችም ምክር ከዓመት ዓመት ይለያያል፤ እናንተም ትታዘቡናላችሁ።

አሁን ደግሞ ወደዚያው ወደ ካዛንቺስ አጥር ልመልሳችሁ። ሰፈሩ ጥግ ላይ የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን አለ፤ አፍሪካ አዳራሽ በ1953 ዓ.ም. የተመረቀበት ግቢ። በሐምሌ 2007 ዓ.ም. የዓለም መሪዎች እዚያ ተሰብስበው ልማት በምን ገንዘብ እንደሚሠራ ተስማምተው ሄደዋል፤ ስምምነቱም የአዲስ አበባን ስም ይዟል። ከዚያ በፊት በ2004 ዓ.ም. አገራችን የአረንጓዴ ኢኮኖሚ ስትራቴጂ አውጥታ ነበር። ያ ስትራቴጂ ቅድሚያ ከሰጣቸው ነገሮች አንዱ የገጠር ምድጃ ነው። በአጥሩ ውስጥ ስለ ቢሊዮን ዶላር ሲወራ ከአጥሩ ውጭ፣ በጥቂት መቶ እርምጃ ርቀት፣ በቀበሌ ቤት ጓሮ እንጀራ በቅጠል ይጋገር ነበር።

ከእነዚህ ፖሊሲዎች ወደ እኛ መንደር የደረሰው ምንድን ነው? አንዱ ባዮጋዝ ነው። በ2001 ዓ.ም. ገደማ የተጀመረው ብሔራዊ የባዮጋዝ ፕሮግራም በአማራ፣ በኦሮሚያ፣ በትግራይና በደቡብ 14000 ጉድጓድ ለማሠራት አቅዶ ነበር፤ በመጀመሪያው ዙር ከ8000 በላይ ተሠራ። ወጪው ከፊሉ በድጎማ ነው። ሐሳቡ ግሩም ነው፤ እበቱ መጀመሪያ ጋዝ ይሆናል፣ ቀጥሎ የተረፈው ለማሳ ይወጣል፣ ኩበት ማንደድ ይቀራል። ችግሩ ቢያንስ አራት ከብት፣ በየቀኑ ውሃ፣ ሲበላሽ ደግሞ የሚጠግን ሰው ይፈልጋል። ውሃ ከሩቅ የምትቀዳ ቤት ላይ የጫኑት ሥራ ነው። ስለዚህ ቆመው የቀሩ ብዙ አሉ። በአንጻሩ ምርጥ ምድጃ ተራ ነገር ይመስላል፤ ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር ግን እስከ ግማሽ ማገዶ ይቆጥባል፣ ሲሰበር ደግሞ አዲስ ይገዛል። እኔ ብጠየቅ ለምድጃው አደላለሁ።

ሁለተኛው የንፋስ ኃይል ነው። አዳማ ላይ በ2004 እና በ2007 ዓ.ም. የተመረቁት ሁለቱ የንፋስ ጣቢያዎች በድምሩ 204 ሜጋ ዋት ናቸው። ማማዎቹ የቆሙት በእርሻ መሃል ነው። ማማው ያረፈበትና መንገዱ ያለፈበት መሬት ይወሰዳል፤ ከሥሩ ያለው ግን ይታረሳል። በመንገዱ ያለፈ ሰው ጤፍ በማማው ሥር ሲወዛወዝ ያያል። ከቆቃ ጋር ሲታይ ትልቅ ልዩነት ነው። ካሳውም ተሻሽሏል። በ1997 ዓ.ም. አዋጅ በቋሚነት ለሚወሰድ መሬት የመፈናቀያ ካሳ የዓመት ገቢ አሥር እጥፍ ነበር፤ በ2012 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ 1161 አሥራ አምስት እጥፍ አደረገው። መሬታችሁ ለመስመር ወይም ለማማ የሚፈለግ ካላችሁ፣ ሳትፈርሙ በፊት የወረዳውን መሬት ጽሕፈት ቤት የአሁኑን ስሌት በጽሑፍ ጠይቁ።

ሦስተኛው የፀሐይ ፓምፕ ነው። በ2011 ዓ.ም. የእርሻና የመስኖ መሣሪያ ከቀረጥ ነፃ እንዲገባ ተፈቀደ። ከ2014 መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ የነዳጅ ድጎማ እየተነሳ ሲሄድ የናፍጣና የቤንዚን ሞተር ያለው ሰው ወጪው ናረ። ሁለቱ ሲገናኙ ፀሐይ አዋጭ ሆነ። ችግሩ መግዣው አንድ ጊዜ የሚከፈል ትልቅ ገንዘብ መሆኑ ነው። እዚህም የድሮው ጥያቄ ይመጣል፤ ቀረጡ የሚማረው ለአስመጪው ነው፣ ምሕረቱ እኛ ጋ እስኪደርስ ምን ያህሉ ይቀራል?

እንግዲህ በመስከረምና በጥቅምት 2017 ዓ.ም. የኮሪደር ልማት ሁለተኛው ዙር ሲጀመር ካዛንቺስ ፈረሰ። ነዋሪው ወደ ከተማው ዳር ወጣ። በዚያን ሰሞን ለስልጠና አዲስ አበባ ነበርኩና አየሁት። ግድግዳው ሲወድቅ ጭቃው ይረግፍና ውስጡ የነበረው አጣና ይታያል፤ ጥቁር፣ ጭስ የጠገበ፣ አንዳንዱ ገና ጠንካራ። ሰው እየለቀመ ለማገዶ ይወስደው ነበር። በቦታው የሚሠራው ብረት፣ ሲሚንቶና መስታወት ነው። ጳጉሜን 2017 ላይ ደግሞ 5150 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው የሕዳሴው ግድብ ተመረቀ። ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ የገባ ቤተሰብ ቅጠል አያነድም። መብራት ሲጠፋና ቡና ሲፈላ ግን ከሰሉ ይወጣል።

ወደ እኚያ አባት ጥያቄ ልመለስ። እሁድ ቤታቸው ሄጄ ይህን ሁሉ አጫወትኳቸው። «ጋሼ፣ የከተማው የማገዶ ገበያ እየጠበበ ነው። የአጣናው ገና አለ፤ ግን ያም ቢሆን ከአዲስ አበባ መሃል ይልቅ ወደ ወረዳ ከተሞች እየወጣ ነው። የእርስዎ ማሳ ከወንዝ በላይ ስለሆነች ባህር ዛፍ ካለበሷት ውሃውም ይቸገራል፣ ጎረቤትዎም ይከስዎታል። ጉቶውን ነቅለው ወደ ገብስ ለመመለስ ደግሞ የሚያወጡትን ያውቁታል» አልኳቸው። ያቀረብኩት ሐሳብ፣ ባህር ዛፉን ሰብል በማይሰጠው ገደል ጫፍ ላይ በትንሹ እንዲያደርጉት፣ ማሳዋን በትሪ ሉሰርን ከልለው ኩበቱን ለሁለት ዓመት እንዲያስገቡባት ነው። ለኩበቱ ምትክ ምርጥ ምድጃና የራሳቸው ጭራሮ ይበቃቸዋል።

ባለቤታቸው ከጓዳ ሆነው ይሰሙ ነበር። «ምድጃውን መጀመሪያ አምጣ፤ የማሳውን ነገር ከዚያ እናወራለን» አሉኝ። አባት ሳቁ። ምድጃውን አዝዤላቸዋለሁ፤ የትሪ ሉሰርን ችግኝ ከወረዳው ችግኝ ጣቢያ ሰኔ መጨረሻ ይደርሳል። የምትፈልጉ ካላችሁ እስከዚያ ድረስ ስማችሁን ለልማት ጣቢያው አስመዝግቡ።